ሁለት ሽጉጥ፣ አንድ ለቅሶ

ቡኢ ላይ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚጠራው ቄስ ነበር፤ ቀጥሎ ባልቻ። ቄሱ ነፍሱን ይሸኛል፣ ባልቻ ደግሞ ስሙን። ነጠላውን አደግድጎ ለቅሶው መካከል ይገባል፣ ወዲያና ወዲህ እየተንጎራደደ የሟቹን ዘር ማንዘር እየጠራ ይፎክራል፣ መጨረሻ ላይ የአባቱን ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ከወገቡ መዝዞ ወደ ሰማይ ይተኩሳል። ሽጉጡ ሲያጓራ የሟች ዘመዶች ቀና ይላሉ። ባልቻ ያልተኮሰለት ሰው ዘመድ እንደሌለው ይቆጠር ነበር። ይኸ ሁሉ ንጉሡ ገና በዙፋናቸው ሳሉ፣ መሬትም ገና የባላባት ሳለ የሆነ ነው።

እኔ ወለተጊዮርጊስ እባላለሁ፤ የአጥር ጎረቤታቸው ነበርኩ። ጎረቤት ስለሆንኩም አሳምሬ ላወራለት አልችልም፤ ባልቻ ጉረኛ ነበር። ስለ ሽጉጡ አንዴ ከጀመረ ሰው ወንዝ ወርዶ ውኃ ቀድቶ ቢመለስም ወሬው አላለቀም። ሚስቱ እትዬ አሰገደች ለፀጉሯ ያስቀመጠችውን ለጋ ቅቤ እየሰረቀ ብረቱን ይወለውልበታል። እሷም «ከእኔና ከሽጉጡ አንዱን አውጣ ቢሉት እኔን ነው ውጪ የሚለኝ» እያለች ትስቅ ነበር። ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች፤ ጥርሷ ፍንጭት ነበር፣ ታፍርበታለች። እኔ ግን ያን ፍንጭቷን እወድላት ነበር።

እውነቱን ለመናገር የሚያበላቸውም ሽጉጡ ነው። የሚኖሩበትን ማሳ የሰጧቸው የአገሩ ባላባት ፊታውራሪ ደበሌ ናቸው። ፊታውራሪ ስለ ቀብራቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያስቡ ሰው ነበሩ ይባላል። ባልቻን ጠርተው፣ «ሲሶ አታካፍለኝም፣ ማርም ሙክትም አታመጣልኝም። ብቻ የሞትኩ ዕለት ስድስቱንም ታጮህልኛለህ» አሉት። በዚያ ቃል ላይ እትዬ አሰገደች ከደጃፏ እስከ ወንዙ ድረስ እንሰት ተከለች። እንሰት የችኩል ሰው ተክል አይደለም። ችግኙን እየነቀሉ፣ እያዛወሩ፣ ፍግ እየተሸከሙ ዓመታት ይገፋሉ። ልጅ ስላልነበራት እንሰቶቹን ነበር የምታሳድገው። እኔ እንኳ ስሄድባት የምታሳየኝ ሌላ ነገር አልነበራትም፤ ይኸኛው ጎረመሰ፣ ያኛው በሽታ ነካው፣ ወሬዋ ሁሉ ይኸው ነው።

ገብረወልድ የሚባል የመንግሥት ጸሐፊ ከወደ ሰሜን ተሹሞ መጣ። አፈ ቅቤ፣ ልብሱ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ሰው ሲወድቅ ማየት እንደ ጠጅ የሚያሰክረው ሰው ነበር። ቀስ እያለ የፊታውራሪ ልጅ የብርሃኔ ወዳጅ ሆነ። ብርሃኔ አዲስ አበባ ነጋዴ ነው፤ በላንድሮቨሩ አባቱን ሊጠይቅ ሲመጣ ከገብረወልድ ጋር ነበር የሚጠጣው። አንድ ቀን ገብረወልድ አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ ወገቡ ላይ አዲስ ሽጉጥ ታጥቆ መጣ። እሱም ስድስት ጎራሽ ነው፣ የአሜሪካን ሥራ፣ ጥቁርና የሚያብለጨልጭ።

በገበያ ቀን ከጠላ ቤቱ ደጃፍ ጠረጴዛ አስወጡ። ሰው እንደ ጉድ ተሰበሰበ።

«አባ ባልቻ፣ አሮጊቷን እስቲ ያምጧት፤ ከልጃገረዷ ጋር ትተዋወቅ» አለ ገብረወልድ።

ባልቻ የራሱን አውጥቶ ከአዲሱ ጎን አስቀመጠው። የባልቻ ሽጉጥ ቤልጂጎች የአሜሪካኑን አይተው የቀዱት፣ ከአባቱ የልጅነት ዘመን በፊት የተሠራ ነው። እጀታው ቀንድ ሆኖ አንድ ጎኑ ተሰንጥቆ በጅማት ታስሯል። ጎን ለጎን ሲታዩ አንደኛው የሌላኛው አያት ይመስል ነበር።

«ክብደቱን ያዙት እስቲ» አለ ባልቻ ለተሰበሰበው ሰው። «ይኸ ብረት ነው። ሰው በእጁ ቀጥቅጦ የሠራው። የአቶ ገብረወልድ ግን እንደ ቆርቆሮ ኩባያ ከማሽን የወጣ ነው፤ ሲይዙት እንኳ እጅ አይሞላም።»

ገብረወልድ አልተናደደም። ጥይቶቹ የሚቀመጡበትን ክብ ብረት፣ ባልቻ «ሆዱ» የሚለውን፣ በሁለት ጣቱ ይዞ ነቀነቀው። ሆዱ እንደ አረጀ ሰው ጥርስ ተላወሰ። ወደ አፈሙዙ ውስጥ አጮልቆ ሲያይ ድሮ ጠመዝማዛ የነበረው ጉድጉድ ተበልቷል፣ ዝገት እዚህም እዚያም ነክሶታል። የራሱን አንሥቶ ሲያሽከረክረው ቀጭ ቀጭ አለና ልክ በቦታው ቆመ፤ ቢነቀንቁትም ንቅንቅ የለም። ከኪሱ አንድ ጥይት አወጣና በአሮጌው ሽጉጥ ሆድ ውስጥ ከተተው። ልክክ ብሎ ገባ።

«አፋቸው አንድ ነው ለካ!» አለ ገብረወልድ። ጥይቱን መልሶ አወጣና ባልቻን ትንሽ አየው። ያን አስተያየት ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

መጀመሪያ በእንሰት ግንድ ሞከሩት፤ አገራችን ውስጥ ጥይት የሚለካው በእሱ ነው፣ ተኩሰው ግንዱን በቢላዋ ገምሰው እስከ የት እንደገባ ያያሉ። የባልቻ ጥይት መሐል ላይ ቀርታ ተገኘች። የገብረወልድ አንዱን ግንድ አልፋ ኋላው የቆመውንም በስታ ወጣች። ሰዉ «ወይ ጉድ!» አለ።

«እንሰት አጥንት የለውም» አለ ብርሃኔ። ሞቅ ብሎት ነበር። «አጥንት ያለው አምጡ።»

ገበያው ዳር ጀርባው ቆስሎ ባለቤቱ የጣለው አህያ ነበር። ጎትተው አመጡት። ባልቻ «እኔ የምሸኘው ሰው ነው፣ አህያ አላርድም» ብሎ ሊያፈገፍግ ሞከረ፤ ግን ሰዉ «ፈራ! አሮጊቷን ፈራላት!» እያለ ሲስቅበት ጉራው አላስቻለውም፤ ተኮሰ። አህያው በአንድ ጎኑ አዘመመ፣ አናፋ፣ ግን አልወደቀም። ጥይቷ ከቆዳው ሥር ተወሽቃ እብጠቷ በዓይን ትታያለች። እንደዚያ ሆኖ አፉን ከፍቶ ሲዞር ወንዶቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ገብረወልድ ቸኩሎ አልገደለውም። ትንሽ ይዙር ብሎ ሲጋራ ለኮሰ፣ አጨሰ፣ ከዚያ አነጣጥሮ ጣለው።

«ተፈረደ!» አለ ብርሃኔ።

«ለመግደል ከሆነ ተፈረደ» አለ ባልቻ፤ ፊቱ ግን አመድ መስሏል። «ለለቅሶ የሚተኮሰው ለጆሮ ነው። የአቶ ገብረወልድ ድምፅ ጅራፍ ነው። የኔን ሰምታችኋል።»

በዚህ በኩል ማንም አልካደውም። አሮጌው ሽጉጥ ሲተኮስ ደረት ውስጥ ይገባ ነበር፤ ጭሱም እንደ ጉም ይነሣል። አዲሱ ጠሽ ብሎ ያልቃል። ባልቻ በዚያች አንዲት ነገር ተጽናንቶ ቤቱ ገባ።

በዚያው ዓመት ክረምት ግን በአንድ ገበሬ ለቅሶ ላይ ሁለት ጥይት ከሸፈበት። ጥይቶቹ ከሽጉጡ ጋር አብረው ያረጁ ናቸው፤ እትዬ አሰገደች ፀሐይ ላይ እያሰጣች ነበር የምታቆያቸው። ባልቻ ምላጩን ሲስብ ቀጭ ይላል፣ ሰዉ ዓይኑን ጨፍኖ ይጠብቃል፣ ምንም የለም። ሴቶቹ በነጠላቸው ውስጥ ሳቁ። እኔም ሳቄ አምልጦኛል፣ ለምን እዋሻለሁ። ወሬው አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ብርሃኔ ጆሮ ገባ።

ፊታውራሪ ደበሌ የሞቱት መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። ብርሃኔ ገና ድንኳን ሳይተከል ባልቻን አስጠራው። ገብረወልድ ከጎኑ ተቀምጦ ነበር። ባልቻ በኋላ ለሚስቱ ሲነግራት እኔም ስለነበርኩ የተባባሉትን ሰምቻለሁ።

«አባቴ ማሳውን የሰጠህ ስድስት ጥይት ታጮህልኛለህ ብሎ ነው» አለው ብርሃኔ። «ከአዲስ አበባ ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ። ስድስቱንም ካጮህክ ማሳው ያንተ ነው፣ ወረቀትም እጽፍልሃለሁ። አንዷ ከከሸፈች ግን ከነሚስትህ ትለቅልኛለህ። አቶ ገብረወልድ ቢተኩስ እኔ ደስ ይለኝ ነበር፤ አንተን የጠራሁህ የአባቴን ቃል ላለማፍረስ ነው።»

«ጌታዬ፣ እኔ የአባትዎ ሰው ነኝ፤ አላሳፍርዎትም» አለ ባልቻ።

በእጁ የቀሩት ጥይቶች ግን አስተማማኝ አልነበሩም። ቡታጅራ ወርዶ በየሱቁ ጠየቀ፣ ቀለህ የሚሞላ አንጥረኛ ነበር ቢሉት ሰውዬው አገር ለቋል። ባዶ እጁን ሲመለስ ገብረወልድ መንገድ ላይ ጠብቆ አገኘው። ከኪሱ ስድስት አዳዲስ ጥይት አውጥቶ እንደ ከረሜላ መዳፉ ላይ አፈሰሰለት።

«አባ ባልቻ፣ ሽጉጥዎን ባልወደውም እርስዎን እወድዎታለሁ። አፋቸው አንድ እንደሆነ አይተናል። ይውሰዱ።»

ባልቻ እጅ ነሥቶ ተቀበለ። እትዬ አሰገደች ግን ጥይቶቹን ስታይ አንዷን አንሥታ አገላበጠቻት።

«የዚያን ሰው ነገር አልወደውም» አለችው። «ምን ቁርጥ አድርጎት ነው ላንተ የሚራራው? ልክ ቢገባስ፣ የዛሬ ጥይት ለድሮ ሽጉጥ ይሆናል?»

«ያንቺ ነገር!» አለ ባልቻ። «ስንት ዘመን የተኮሰ ብረት ነው፣ በስድስት ጥይት ምን ይሆናል? የድሮ ብረት እኮ ነው። እንደውም አዲሱ ጥይት ድምፁን ያጎላዋል።»

«ማሳውን ብንተውስ?»

«እንሰቱንስ?» አላት።

እሷ ወደ ደጅ አየች። በሩ ክፍት ስለነበር እንሰቱ ይታያል። ከዚያ በኋላ ስለ ጥይቱ አላነሣችም።

የለቅሶው ዕለት ሜዳው ሰው ብቻ ሆነ። አስከሬኑ በአልጋ ወጥቶ መሐል ላይ አረፈ፣ የፊታውራሪ በቅሎ በሙሉ ዕቃዋ ተጭና ዞረች፣ ጋሻቸውን አንዱ ተሸክሞ ይሮጣል። በእኛ አገር ለቅሶ ማለት መቀመጥ አይደለም። ሴቱ ፊቱን ይነጫል፣ ወንዱ ይዘላል፣ መሬት ላይ ራሱን ይጥላል። ደም ያልታየበት ለቅሶ ትልቅ ሰው አልሞተበትም ይባላል። የአዲስ አበባ እንግዶች ወንበር ተሰጥቷቸው በጥላ ሥር ተቀምጠዋል። እኔና እትዬ አሰገደች ከሴቶቹ ጋር ፊት ለፊት ቆመን ነበር።

ባልቻ ገባ። የዚያን ቀን ፉከራው እንኳ ይለይ ነበር፤ ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ሽጉጡን መዘዘና የመጀመሪያውን ተኮሰ።

እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። በቅሎዋ ከሰው እጅ አመለጠች፣ እንግዶቹ ከወንበራቸው ተነሡ። ሰዉ በአንድ አፍ «እህህ!» አለ። ብርሃኔ ራሱን ሲነቀንቅ አየሁት፤ ደስ ብሎታል። ባልቻም እጁ ወደ ላይ ተወርውሮ ሲመለስ ፈገግ ሊል ዳድቶት ነበር። ሁለተኛውን ተኮሰ።

ከሁለተኛው በኋላ ቆመ። ሽጉጡን ወደ ዓይኑ አቀረበና ሆዱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። እኔ ከሩቅ ምን እንዳየ አላወቅሁም፤ በኋላ ነው የነገረን። ሆዱ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጭን ስንጥቅ ወጥቷል፤ ጥፍር ያስገባል። ቀና አለና በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል ሚስቱን ፈለጋት። አገኛት።

«ተወው» አለች እትዬ አሰገደች ከአጠገቤ። ድምፅ አልነበራትም፣ ከንፈሯ ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው። ራሷንም ነቀነቀችለት። «ተወው አልኩህ።»

አይቷታል። ባያያት ኖሮ እንዲህ አይቆጨኝም ነበር። አያትና ዓይኑን ከእሷ አንሥቶ ወደ ብርሃኔ ወሰደ፤ ብርሃኔ በጣቱ ሦስት ብሎ አሳየው፣ ሦስተኛውን በል እንደማለት። ባልቻ እጁን ወደ ሰማይ አነሣ።

ሦስተኛው ጥይት ሽጉጡን ከእጁ ጋር ይዞት ሄደ።

ጭሱ ሸፍኖታል። ከጭሱ ውስጥ መጀመሪያ የመጣው ጩኸቱ ነው። የሰው ጩኸት ነው ልል እችላለሁ፣ ግን አይመስልም ነበር። ጭሱ ሲገለጥ ፊቱ በደም ታጥቧል፣ የብረቱ ስባሪ ጉንጩን ቀዶታል፤ ይዘላል፣ ይወድቃል፣ ይነሣል፣ መሬት ላይ ይንከባለላል። ቀኝ እጁን ከደረቱ አጣብቆ ይዞታል።

ሕዝቡ ምን አለ መሰላችሁ? «እሰይ! እሰይ የደበሌ ሰው!»

ሐዘን መስሏቸዋል። ፊት መንጨትና መሬት ላይ መንከባለል እኮ ለቅሶ ነው። እንዲህ ያለ አልቃሽ ግን አይተው ስለማያውቁ ሜዳው ተናጠ። ቀዝቅዞ የነበረው ሁሉ እንደ አዲስ ጀመረ። ሴቶቹ በባልቻ ጩኸት ልክ ይጮሃሉ፣ ወንዶቹ አብረውት ይወድቃሉ። እትዬ አሰገደች ነጠላዋን ጥላ ልትሮጥ ስትል ሁለት ሴቶች ከወገቧ ያዟት።

«ልቀቁኝ! እጁ ነው! እጁ ተቆርጧል!»

«ተዪው እቴ፣ ይውጣለት። ጌታው እኮ ነው የሞተበት» ይሏታል። እሷ እየተፍጨረጨረች ስትጮህ ያም ሌላ ለቅሶ ሆነ፤ «ሚስቱስ እንዴት ታለቅሳለች!» ተባለ። እኔ ያገኘሁትን ሰው ልብስ እየጎተትኩ «ሽጉጡ ፈንድቶ ነው!» ብል ማን ሊሰማኝ። ሽጉጡ ሲፈነዳ በግልጽ ያየ አንድ ሰው ነበር፤ ገብረወልድ። ከብርሃኔ ወንበር ኋላ ቆሞ እጁን በአፉ ጭኗል። አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

የለቅሶ ግጥም የምታወርደው አልቃሽም መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ወደ መሐል ገባችና እዚያው ለሟቹ ገጠመችለት፦

ሌላው እንባ ሰጠህ፣ ርካሽ ነውና እንባ፤
ባልቻ እጁን ሰጠህ፣ ከነደሙ ይግባ።

ታዲያ እሷ እጁን ማለቷ ለግጥሙ ነበር። እውነት መሆኑን ያወቀችው ባልቻ ጸጥ ብሎ ሲቀርና ጉልበቱ ሥር ያለው ሣር ቀይ ረግረግ ሲሆን ነው። ያኔ ሰዉ ወደ ኋላ አለ። እኔና እትዬ አሰገደች እጁን በነጠላዋ ስናስር አውራ ጣቱና አንዲት ጣት ብቻ ነበሩ የቀሩት። በብርሃኔ ላንድሮቨር ይወሰድ ብለን ለመንን፤ እንግዶቹን የሚመልስ ሌላ መኪና የለም ተባለ። በቃሬዛ ተሸክመነው መንገድ ዳር አውጥተን በእህል ጫኝ መኪና ቡታጅራ ደረሰ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር እጁን ከአንጓው ላይ ቆረጠው።

ገብረወልድ ሰንብቶ አረቄ ቤት ውስጥ ሲያወራ ጆሮዬ የሰማውን ልንገራችሁ። ሽጉጡን የሸጠለት ነጋዴ ገና ሲገዛው አስጠንቅቆታል፤ የዛሬው ባሩድ ኃይለኛ ነው፣ ልኩ አንድ ቢሆንም በአሮጌ ሽጉጥ እንዳትተኩሰው ብሎታል። «እኔማ ሽጉጧ ትሰነጠቅና ሰው ይስቅበታል ብዬ እንጂ እጁ ይሄዳል ብዬ መች አሰብኩ» አለ። አብረውት የሚጠጡት ሳቁ። እግዜር ይይለት፤ ሌላ የምለው የለኝም።

የፊታውራሪ ተዝካር ሲወጣ ብርሃኔ ባልቻን በሕዝብ ፊት አስነሣው። ትከሻው ላይ አዲስ ጋቢ ጣለለት። «አባቴን እንደዚህ ያለቀሰለት የለም፤ እኔ ልጁ እንኳ አላለቀስኩለትም» ሲል ድምፁ ተቆራረጠ፤ እንባውም መጣ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ባልቻ በግራ እጁ ጋቢውን ያዝ አድርጎ እጅ ነሣ።

ሕዝቡ ሲበተን ብርሃኔ ወደ ጎን ወሰደው። እትዬ አሰገደችና እኔ እዚያው ነበርን።

«ባልቻ፣ ሦስት ነው የተኮስከው» አለው።

«ጌታዬ፣ ሽጉጡ እኮ...»

«አውቃለሁ፣ አዝኜልሃለሁ። ግን ቃል ቃል ነው፤ ስድስት ነበር። ደግሞም እውነቱን እንነጋገር፣ ሽጉጥ የለህ፣ እጅ የለህ፤ ማሳውን በምንህ ትይዘዋለህ? ለአቶ ገብረወልድ ሰጥቼዋለሁ። ለእኔ ለቅሶ የሚተኩስ ያስፈልገኛል።»

እትዬ አሰገደች እግሩ ላይ ወደቀች። ማሳውን አልለመነችም። «የደረሱትን እንሰቶች ብቻ ልንቀል፤ እኔ የተከልኳቸውን፣ ፍቄ ጉድጓድ ውስጥ ልክተታቸው፣ ለክረምት እህል ይሁኑን» አለችው። ብርሃኔ ገብረወልድን ጠይቂ አላት። ገብረወልድን ስትጠይቀው፣ «ማሳ ከነተክሉ ነው የተሰጠኝ» አላት። እሱ እንሰት አይበላም። በማግስቱ በቀጠራቸው ሰዎች ሁሉንም አስነቅሎ ባሕር ዛፍ ተከለበት። የተነቀለው እንሰት መንገድ ዳር ተከምሮ በሰበሰ፤ ሽታው እኔ ቤት ድረስ ይመጣ ነበር። እሷ ግን ከመሄዷ በፊት አንድ ቀን እንኳ ወደዚያ ዞራ አላየችም።

ቡታጅራ ገብተው ከአንዲት ሙስሊም ሴት፣ ከሀጀራ ቤት ጀርባ ጠባብ ክፍል ተከራዩ። ሀጀራ ደግ ሴት ነበረች፤ ኪራይ ስትጠይቃቸው ታፍር ነበር። እትዬ አሰገደች የሰው ጥጥ ትፈትላለች። ባልቻ ምን ይሥራ? ሰው ግን አልረሳውም። የፊታውራሪ ለቅሶ እስከ ወልቂጤ ድረስ ተወርቶለታል። መጀመሪያ አንድ ሀብታም የሞተባቸው ቤተሰቦች ሰው ላኩበት።

«መተኮስ አልችልም» አላቸው።

«መተኮሱን ተወው፤ ሌላ ተኳሽ አለ። አንተ ያንን ጩኸትህን ጩህልን» አሉት።

ሊቆጣ ፈለገ። ቤቱ ውስጥ ግን የሚበላ አልነበረም። ሄደ፤ ገብረወልድ በአዲሱ ሽጉጥ ስድስቱን ጠሽ ጠሽ ካደረገ በኋላ ባልቻ መሐል ገብቶ ጮኸ። ምሳ በላ፣ ለሚስቱም እንጀራ በቅጠል ጠቅልለው ሰጡት። ከዚያ ሌላ ጠራው፣ ከዚያም ሌላ። መጀመሪያ ክንዱን ሸፍኖ ነበር የሚሄደው። በኋላ «ግለጠው እንጂ፣ ሰው ይየው» አሉት፤ ገለጠ። ሲጮህ ደክሞት ድምፁ ሲቀንስ «ኧረ እንደ ፊታውራሪው ጊዜ!» ብለው ይጮሁበታል። ለሟች ክብር ነው እኮ የሚሉት፣ ጭካኔ መሆኑን አያውቁም፤ ወይም ያውቃሉ። ለቅሶው ሲያልቅ ወደ አንድ ጥግ ሄዶ ይቀመጥና ጉሮሮውን በውኃ ያርሳል። ያ ጉረኛ ባልቻ ስለ ምንም ነገር አንድ ቃል አያወራም ነበር። የድሮ ጉራው እንዲህ ይናፍቀኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

እትዬ አሰገደች ሳል ጀምሯት ሁለት ክረምት ተሠቃየች። ክፍሉ እርጥብ ነው፣ ግድግዳው ላብ ያልበዋል። ስጠይቃት ስለ ሳሉ አታወራም፤ «እሱ ሄዶ በጮኸበት ቀን እንጀራው አይወርድልኝም፤ ወለቴ፣ ሳልበላ ደብቄ ለሀጀራ ዶሮዎች ነው የምሰጠው» አለችኝ። አፏን በነጠላ አልሸፈነችም። በሁለተኛው ክረምት መጨረሻ ሞተች።

ቀብሯ ላይ ሰው ብዙ ነበር። ገርሞኛል፤ ድሀ ሴት ናት፣ ዘመድ የላትም፣ ይኸ ሁሉ ሰው ከየት መጣ? ትንሽ ቆሜ ሳይ ገባኝ። ባልቻን ሊሰሙ ነው የመጡት። ለሰው እንዲህ የሚጮህ ለገዛ ሚስቱማ ምን ሊሆን ነው ብለው፣ ከቡኢም ከቡታጅራም መጥተው፣ በዓይናቸው እሱን ከበው ቆመዋል። ካህናቱ ፍትሐቱን ጨረሱ፣ አስከሬኑ ወረደ። ሰዉ ጸጥ አለ፣ ጠበቀ።

ባልቻ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሟል፣ ዝም ብሏል። እንባ እንኳ የለውም።

«አይጮህም እንዴ?» አለ አንዱ።

«ካልበላ አይጮህም» አለ ሌላው፤ ጥቂቶች ሳቁ።

«ለሰው ሚስት ሲሆን ሰማይ ይቀድዳል። አይ ወንድ! ምስኪን፣ ይቺን ሴት አይወዳትም ነበር ማለት ነው» አለች ከአጠገቤ ያለች ሴት፤ ተቀይማ ነጠላዋን አጣፋችና ሄደች። ሌሎቹም እያጉረመረሙ ተከተሏት። ገና አፈሩ ሳይመለስ ሰዉ አለቀ፤ ሀጀራ፣ እኔ፣ ሁለት ቆፋሪዎችና ቄሱ ቀረን።

ሰዎቹን ጠላኋቸው፤ ዛሬም እጠላቸዋለሁ። ግን ለእሷ ብዬ፣ ስሟ በዚህ እንዳይነሣ ብዬ፣ ጠጋ አልኩት።

«ጋሼ፣ ትንሽ እንኳ አልቅስላት እንጂ» አልኩት።

ቀስ ብሎ አየኝ።

«እሷ እውነተኛውን ሰምታዋለች፣ ወለቴ» አለኝ። «በውሸተኛው አልሸኛትም።»

ከዚያ ጎንበስ ብሎ በግራ እጁ አፈር ማልበስ ጀመረ።